ዋናው መዝገብና ግልባጩ፤ በሁለት ሰርቨሮች መካከል መረጃን አስማምቶ የማኖር ታሪክ

አንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ በጻፈ ቁጥር ግልባጩን በመዝገብ ቤት ማኖሩ የቆየ የአስተዳደር ልማድ ነው። ደብዳቤው ተፈርሞና ማኅተም ተደርጎበት ከወጣ በኋላ የማይለወጥ በመሆኑ፣ ግልባጩ ከዋናው ጋር ምን ጊዜም ይስማማል። ከ1973 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኢትዮጵያ ገዳማትና አድባራት የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሡ፣ አንዱ ቅጂ በአዲስ አበባ፣ ሌላው በአሜሪካ በሚኔሶታ ግዛት በኮሌጅቪል እንዲቀመጥ የተደረገውም በዚሁ ሐሳብ ነው። ብራናው ተጽፎ ያለቀ ስለ ሆነ፣ ፊልሙ አንድ ጊዜ በደኅና ከተነሣ ዘንድ ሌላ ጣጣ የለበትም።

የባንክ የሒሳብ መዝገብ ግን ተጽፎ የሚያልቅ አይደለም። አንዱ ገንዘብ ሲያስገባ ሌላው ሲያወጣ በየሴኮንዱ ይለወጣል። የአየር መንገድ የመንገደኞች ዝርዝርም፣ የሆስፒታል የሕሙማን መዝገብም እንዲሁ ነው። ከቀኑ በስድስት ሰዓት የተገለበጠ ቅጂ፣ ከስድስት ሰዓት ከአንድ ደቂቃ ላይ ያረጀ ቅጂ ይሆናል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለው መዝገብ የሚቀርበው ጥያቄ «ግልባጭ አለ ወይ?» የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ «ግልባጩ ከዋናው ምን ያህል ወደ ኋላ ቀርቷል?» የሚለው ጭምር ነው። የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ወደ ሰባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሲደክሙበት የኖሩት ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

ጥያቄው በእውነት የተነሣው ዲስክ ከመጣ በኋላ ነው። አይቢኤም በ1956 ራማክ የተባለውን መሣሪያ ሲያቀርብ፣ እያንዳንዱ የ24 ኢንች ስፋት ባላቸው 50 ሳሕኖች ላይ 5 ሚሊዮን ፊደላትን ይይዝ ነበር። ከዚያ በፊት መረጃ በካርድና በቴፕ ላይ ይኖር ስለ ነበር፣ የትናንቱ ቴፕ ሳይነካ ተቀምጦ የዛሬው በሌላ ቴፕ ላይ ይጻፍ ነበር፤ ያለ ብዙ ድካም ቅጂው በራሱ ይገኛል። ዲስክ ግን በአሮጌው ላይ አዲሱን ይጽፍበታል። የቀደመው ይጠፋል። ፍጥነቱ የተገኘው በዚህ ዋጋ ነው። ባለሙያዎቹ ያገኙት የመጀመሪያው መድኃኒት፣ ሥራ ሲያበቃ ሌሊት ዲስኩን በሙሉ ወደ ቴፕ ገልብጦ ቴፑን በመኪና ወደ ሌላ ሕንፃ መላክ ነበር። ይህ ልማድ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ጸንቶ የቆየ ሲሆን፣ ጉድለቱም ግልጽ ነው፤ ዲስኩ ከቀትር በኋላ ቢበላሽ የዚያን ዕለት ሥራ ሁሉ ይዞ ይሄዳል።

መዘግየት ፈጽሞ በማይታሰብበት ስፍራ ሌላ መንገድ ተፈለገ። የአሜሪካ አየር ኃይል ሴጅ የተባለው የአየር መከላከያ ሥርዓት በ1958 በኒው ጀርሲ የመጀመሪያውን ማዕከል ሥራ ሲያስጀምር፣ በየማዕከሉ ሁለት ተመሳሳይ ኮምፒዩተሮች ተተከሉ። አንደኛው ሲሠራ ሁለተኛው በተጠንቀቅ ይቆማል። በቫኪዩም ቱቦ የሚሠራ መሣሪያ በየጊዜው መቆሙ የማይቀር ስለ ነበር፣ የሁለቱ መኖር ቅንጦት አልነበረም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አይቢኤምና አሜሪካን ኤርላይንስ ሴበር የተባለውን የመንገደኞች ቦታ መያዣ ሥርዓት በኒው ዮርክ ግዛት በብራያርክሊፍ ማነር ሲያቆሙም፣ ይህንኑ አርአያ ተከትለው ሁለት የ7090 ኮምፒዩተሮችን፣ አንዱን በሥራ ላይ ሌላውን በተጠባባቂነት አኖሩ። ዋናና ተጠባባቂ የሚለው አከፋፈል ከዚህ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው።

ዲስኩ ራሱ ጥንድ እንዲሆን በንግዱ ዓለም ያስለመደው በ1974 በካሊፎርኒያ የተቋቋመው ታንደም ኮምፒዩተርስ ነው። ኩባንያው በ1976 ለገበያ ያወጣው ኖንስቶፕ የተባለው ኮምፒዩተር፣ አንድም ክፍል ቢሰበር ሥራው እንዳይቆም ተብሎ የተሠራ ነበር። እያንዳንዱ ጽሕፈት በሁለት ዲስኮች ላይ እኩል ያርፋል፤ ይህም እንደ መስተዋት ስለሚያንጸባርቅ «ሚረር» ተባለ። ከዚህም ሁሉ የሚልቀው ጥበብ፣ የተሰበረው ዲስክ በአዲስ ሲተካ ደንበኛው ሥራውን ሳያቋርጥ ደኅናው ዲስክ በአዲሱ ላይ መገልበጡ ነው። በመገልበጥ ላይ ሳለ አዲስ ጽሕፈት ቢመጣስ? የተገለበጠውም ያልተገለበጠውም እንዳይጣረስ ማድረግ ቀላል አልነበረም፤ ከዚያ ወዲህ በዚህ ሙያ ለተደረገው ሁሉ መሠረቱ ይኸው ነው። በ1988 የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ፓተርሰንና ካትዝ ከተማሪያቸው ከጊብሰን ጋር ሬይድ የተባለውን የዲስኮች ስብስብ በጽሑፍ ካብራሩ በኋላ፣ ጥንድ ዲስክ የትላልቅ ድርጅቶች ብቻ መሆኑ ቀረ።

ሁለቱ ዲስኮች በአንድ ሣጥን ውስጥ ከሆኑ ግን እሳትና ጎርፍ ለሁለቱም አንድ ነው። በ1994 ኢኤምሲ የተባለው የማሳቹሴትስ ኩባንያ ኤስአርዲኤፍ የሚባለውን ዘዴ ሲያቀርብ፣ የዲስኩ መሣሪያ ራሱ፣ ኮምፒዩተሩን ሳያስቸግር፣ እያንዳንዱን ጽሕፈት በመስመር ወደ ሌላ ከተማ ይልክ ጀመር። አይቢኤምም በዚያው አሥርተ ዓመት ተመሳሳይ ዘዴዎችን አወጣ። እዚህ ላይ ግን ከመሐንዲሶች ሥልጣን በላይ የሆነ አንድ ነገር ገጠማቸው፤ እርሱም የብርሃን ፍጥነት ነው።

ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሴኮንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ይህም ለአንድ ኪሎ ሜትር 5 ማይክሮሴኮንድ ማለት ነው። ዋናው ሰርቨር ጽሕፈቱን ልኮ ደረሰኝ እስኪመጣለት ከጠበቀ መልእክቱ ሄዶ መመለስ ስላለበት፣ 100 ኪሎ ሜትር በርቀት ላለ ተጠባባቂ ቢያንስ አንድ ሚሊሴኮንድ ይጨመራል። ይህ ለሰው ኢምንት ነው። አንዱ ጽሕፈት ሳያልቅ ሌላው ለማይጀምርበት የባንክ መዝገብ ግን ኢምንት አይደለም፤ በ480 ኪሎ ሜትር ርቀት አንዱ ምልልስ 4.8 ሚሊሴኮንድ ስለሚወስድ፣ ተራ ጠብቀው ከሚጻፉት ጽሕፈቶች በሴኮንድ ከ208 የበለጡ ሊያልፉ አይችሉም። ይህንን ምንም ያህል ገንዘብ ቢፈስበት ማሻሻል አይቻልም።

ከዚህ የተነሣ ሁለት መንገዶች ተለዩ። የመጀመሪያው ሲንክሮነስ ይባላል፤ ዋናው ሰርቨር ተጠባባቂው «ጽፌያለሁ» እስኪል ድረስ ለደንበኛው «ተመዝግቧል» አይልም። አንዳች አይጠፋም፤ ሥራው ግን በርቀቱ ልክ ይዘገያል። ሁለተኛው አሲንክሮነስ ይባላል፤ ዋናው ወዲያው መልስ ይሰጥና ግልባጩን በኋላ ይልካል። ሥራው ይፈጥናል፤ ዋናው በድንገት ቢጠፋ ግን በመንገድ ላይ ያለው ሁሉ አብሮት ይጠፋል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። በሁለተኛው መንገድ መዘግየቱ ብቻውን ግልባጩን አያበላሸውም፤ የሚያበላሸው ቅደም ተከተሉ ሲፋለስ ነው። ከአንዱ ሒሳብ የወጣው ገንዘብ በሌላው ሒሳብ ላይ ከመመዝገቡ በፊት «ዝውውሩ ተፈጽሟል» የሚለው ቃል ቀድሞ ተጠባባቂው ዘንድ ቢደርስና ዋናው በዚያች ቅጽበት ቢሞት፣ ተጠባባቂው ያልተፈጸመውን እንደ ተፈጸመ አድርጎ ይመሰክራል። አሮጌ መዝገብ ይታመናል፤ የተፋለሰ መዝገብ ግን አይታመንም። አይቢኤም ኤክስአርሲ በተባለው ዘዴው በእያንዳንዱ ጽሕፈት ላይ ሰዓት ያተመበት ምክንያት፣ በሩቁ ስፍራ እንደ ተራው ለመደርደር ነው።

ጉዳዩ ከባለሙያዎች ክበብ ወጥቶ የመንግሥት ጉዳይ የሆነው ከመስከረም 11 ቀን 2001 በኋላ ነው። በኒው ዮርክ የደረሰው አደጋ የአክሲዮን ገበያውን እስከ መስከረም 17 ዘግቶ አቆየው። በማንሃተን ደቡብ ከነበሩት የገንዘብ ድርጅቶች አንዳንዶቹ ተጠባባቂ ስፍራ ነበራቸው፤ ስፍራው ግን ከዋናው ብዙ ያልራቀ፣ በአንድ የመብራት መስመርና በአንድ የስልክ ማዕከል የሚገለገል ነበር። በዌስት ስትሪት የነበረው ታላቁ የስልክ ማዕከል ሲጎዳ፣ ሕንፃቸው ያልተነካባቸውም ጭምር ከዓለም ተለዩ። በነሐሴ 2002 የአሜሪካ የገንዘብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች ባወጡት ረቂቅ፣ ተጠባባቂው ስፍራ ከዋናው ከ200 እስከ 300 ማይል ሊርቅ እንደሚገባ ሐሳብ ቀረበ። ተቃውሞው ብዙ ነበር። ዋናው መከራከሪያም ከላይ የተሰላው ስሌት ነው፤ 300 ማይል 480 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና፣ አንድም ጽሕፈት ሳይጠፋ በዚህ ርቀት ላይ መሥራት የገበያውን ፍጥነት ይገድላል። በሚያዝያ 2003 የወጣው የመጨረሻው ሰነድ ኪሎ ሜትር መወሰኑን ተወ። ይልቁንም የገበያው እምብርት የሆኑት የማቻቻያ ድርጅቶች በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥራ እንዲጀምሩ፣ ሁለቱ ስፍራዎችም በአንድ ዓይነት መሠረተ ልማት ላይ እንዳይመኩ አዘዘ። ተቆጣጣሪዎቹ ሸነፉ ማለት አይደለም፤ የተፈጥሮን ሕግ በደንብ ማሻር እንደማይቻል ተረድተው፣ የሚፈልጉትን ውጤት ጽፈው መንገዱን ለባለሙያው ተዉለት። በዚህ ረገድ ከረቂቁ ይልቅ የመጨረሻው ሰነድ የተሻለ ነው።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው የባለጸጎች ታሪክ ነው። የኢኤምሲንና የአይቢኤምን መሣሪያ የሚገዛው ታላቅ ባንክ እንጂ መካከለኛ መሥሪያ ቤት አልነበረም። ይህን የለወጠው በቪየና የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የነበረ ፊሊፕ ራይስነር የተባለ ተማሪ ነው። ራይስነር በ2000 ለመመረቂያው ያቀረበው ሥራ፣ በሊኑክስ የሚሠሩ ሁለት ተራ ኮምፒዩተሮች በተራ የኔትወርክ ገመድ ተያይዘው አንዱ የሌላውን ዲስክ እንዲያንጸባርቅ የሚያደርግ ፕሮግራም ነበር። ዲአርቢዲ ይባላል። በ2001 ሊንቢት የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ፤ ፕሮግራሙም በነፃ የሚሰራጭ ሆኖ ቆይቶ፣ በየካቲት 2010 ከሊኑክስ እምብርት ጋር ተዋሐደ። ለወጪ የሚጨነቅ ማንኛውም መሥሪያ ቤት ከዚያ ወዲህ ሁለት መሣሪያና አንድ ገመድ ካለው የባንኩን ጥበብ ሊጠቀም ይችላል።

አሠራሩን ከፍቶ ማየት ስለሚቻል፣ ሁለት ቮልዩሞች እንዴት ተስማምተው እንደሚኖሩ ለመረዳት ከዲአርቢዲ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ፕሮግራሙ ከዲስኩ በላይና ከፋይል ሥርዓቱ በታች ይቀመጣል። ከላይ የሚመጣው ጽሕፈት ሁሉ በእርሱ በኩል ያልፋል፤ ደብዳቤ ይሁን ሥዕል አይመረምርም፤ ቁጥር የተሰጠውን ብሎክ ብቻ ተቀብሎ አንዱን ለገዛ ዲስኩ አንዱን ለገመዱ ይሰጣል። ደረሰኙን መቼ እንደሚቆርጥ በሦስት ደንቦች ተወስኗል። በመጀመሪያው ደንብ፣ የራሱ ዲስክ ከጻፈና መልእክቱ በገመዱ በር ላይ ለመላክ ከተሰለፈ ይበቃዋል። በሁለተኛው፣ መልእክቱ ከተጠባባቂው ደጅ መድረስ አለበት፤ ገና በዲስክ ላይ ባይጻፍም። በሦስተኛው ግን የሁለቱም ዲስኮች ቃል ሳይሰማ ደረሰኝ የለም። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ያሉ ሰርቨሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት በዚህ በሦስተኛው ነው።

ገመዱ ሲቆረጥስ? ዋናው ሥራውን ይቀጥላል፤ የተለወጠውን ብሎክ ሁሉ ግን በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ምልክት ያደርግበታል። ለእያንዳንዱ የ4 ኪሎባይት ብሎክ አንዲት ቢት ትመደባለች፤ የአንድ ቴራባይት ዲስክ ሠንጠረዥ 32 ሜጋባይት ብቻ ነው። ገመዱ ሲቀጠል ምልክት ያለባቸው ብቻ ይላካሉ እንጂ ዲስኩ በሙሉ አይገለበጥም። ነገር ግን ጉድለቱ በዲስኩ ቁጥር ተራ እንጂ በተጻፈበት ተራ ስለማይላክ፣ ማካካሻው እስኪያልቅ ድረስ ተጠባባቂው ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ የሆነ፣ ለምንም የማይበጅ መዝገብ ይሆናል። ቀደም ሲል አሮጌ ቢሆንም ሙሉ ነበር፤ አሁን ግን አንዱንም አይደለም። ዋናው በዚያች ሰዓት ቢሞት ከሁለቱም ወገን የለም። ጠንቃቃ የሥራ ኃላፊዎች ማካካሻው ከመጀመሩ በፊት የተጠባባቂውን የነበረ መልክ በሌላ ስፍራ የሚያስቀርጹት ስለዚህ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ሁለቱም ሕያዋን ሆነው ሳለ መነጋገር ሲያቅታቸው ነው። ጂም ግሬይ በ1978 ባሳተመው ጽሑፍ ይህንን በሁለት የጦር አዛዦች ምሳሌ ገልጾታል። በሁለት ኮረብታ ላይ የሰፈሩ ሁለት አዛዦች አብረው ካልዘመቱ ይሸነፋሉ፤ መልእክተኛቸው ግን በጠላት ሸለቆ ማለፍ አለበትና ሊያዝ ይችላል። አንደኛው «ነገ እንዝመት» ብሎ ይልካል። ሁለተኛው «እሺ» ቢልም፣ «እሺታዬ መድረሱን በምን አውቃለሁ?» ብሎ ይጨነቃል። የመድረሱ ደረሰኝም ራሱ ደረሰኝ ይፈልጋል። መልእክቱ ስንት ጊዜ ቢመላለስ ሁለቱም እርግጠኛ የሚሆኑበት ቁጥር የለም። ሰርቨሮቹም እንዲሁ ናቸው፤ ተጠባባቂው ከዋናው ድምፅ ባጣ ጊዜ፣ ዋናው ሞቶ እንደ ሆነ ወይም ገመዱ ብቻ ተቆርጦ እንደ ሆነ ከተቀመጠበት ሆኖ መለየት አይችልም። ሞቷል ብሎ ሥልጣኑን ከያዘና ዋናውም ሕያው ከሆነ፣ ሁለት ዋናዎች ይኖራሉ፤ ሁለቱም ይጽፋሉ፤ ሁለት የማይታረቁ ታሪኮች ይወለዳሉ። ባለሙያዎች ይህንን ስፕሊት ብሬይን፣ የአእምሮ መሰንጠቅ ይሉታል።

ዲአርቢዲ ለመዝገቡ ትውልድ መለያ ቁጥር ይሰጣል። ሥልጣን በተዛወረ ወይም ጓደኛ በጠፋ ጊዜ አዲስ ቁጥር ይወጣል፤ ያለፉትም ይታወሳሉ። ሁለቱ ሲገናኙ ቁጥራቸውን ያስተያያሉ፤ የአንዱ የዛሬ ቁጥር በሌላው የትናንት ዝርዝር ውስጥ ከተገኘ፣ ማን እንደ ቀደመ ታወቀ። ከአንድ አያት ወርደው የየራሳቸው መንገድ እንደ ሄዱ ከታየ ግን፣ የተለየ ትእዛዝ አስቀድሞ ካልተሰጠው በስተቀር ፕሮግራሙ ግንኙነቱን አቋርጦ ሰው ይጠብቃል። በእጅ የሚሰጠው ትእዛዝ ስሙ «የእኔን መረጃ ጣል» የሚል ነው። ይህንን ትእዛዝ በአንደኛው ሰርቨር ላይ የሚጽፈው ሰው፣ በዚያ ወገን የተመዘገበው ሁሉ እንዲጠፋ እየፈረመ ነው።

በጥቅምት 21 ቀን 2018 ጊትሃብ የተባለው የፕሮግራም ማከማቻ ድርጅት ይህ ምርጫ ቀርቦለታል። የተበላሸ የኔትወርክ ዕቃ ሲተካ፣ በአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ ያለው ዋና ማዕከሉ ለ43 ሴኮንድ ብቻ ከመስመር ተለየ። ይህችን ቅጽበት የተመለከተው ተቆጣጣሪ ፕሮግራም በምዕራብ ጠረፍ ያለውን ተጠባባቂ የመረጃ ቋት ዋና አድርጎ ሾመ። በምሥራቁ ግን ወደ ምዕራብ ያልተላለፉ የጥቂት ሴኮንዶች ጽሕፈቶች ቀርተው ነበር፤ ከቋቶቹ እጅግ ሥራ በበዛበት በአንዱ ብቻ 954 ነበሩ። ሰዎቹ ነገሩን ተረድተው እጃቸውን እስኪያስገቡ ድረስ፣ ምዕራቡ የ40 ደቂቃ ያህል አዲስ ሥራ ተቀብሎ ነበር። የጥቂቶቹን ሴኮንዶች ጽሕፈት ጥለው በቶሎ መቀጠል ይችሉ ነበር። አላደረጉትም፤ የደንበኛው መረጃ ከፍጥነቱ ይበልጣል ብለው ከቅጂ መልሰው መገንባትን መረጡ። አገልግሎቱ ለ24 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ጎድሎ ቆየ። ለ43 ሴኮንድ የተከፈለው ዋጋ ብዙ ቢመስልም፣ የተመዘገበን ነገር አልተመዘገበም ከማለት ይሻላል።

ሌላም አለ። ግልባጩ ዋናውን በታማኝነት ስለሚከተል ስሕተቱንም በታማኝነት ይከተላል፤ «ይሰረዝ» የሚል ትእዛዝ በዋናው ላይ ከተጻፈ በሚሊሴኮንዶች ውስጥ በተጠባባቂውም ላይ ይሰረዛል። በጥር 31 ቀን 2017 በጊትላብ የሆነው ደግሞ ከዚህ ትንሽ ይለያል። ተጠባባቂው የመረጃ ቋት በሥራ ብዛት ወደ ኋላ ቀርቶ መከተሉን ስላቆመ፣ አንድ መሐንዲስ ከእንደገና ለመጀመር የተጠባባቂውን ይዘት ሊደመስስ ተነሣ፤ ትእዛዙን የጻፈው ግን በዋናው ላይ ነበር። ከአንድ ወይም ከሁለት ሴኮንድ በኋላ ነቅቶ ቢያቆመውም፣ ከ300 ጊጋባይት የቀረው 4.5 ብቻ ሆነ። ከዚያ ወደ ዕለታዊ ቅጂው ሲሄዱ ባዶ አገኙት። የሚገለብጠው ፕሮግራም ከቋቱ ጋር የማይስማማ አሮጌ ዓይነት ስለ ነበር በየቀኑ ይከሽፍ ነበር፤ መክሸፉን የሚነግረው ኢሜይልም ተቀባይ ዘንድ ሳይደርስ ይመለስ ነበር። ያዳናቸው ያው መሐንዲስ ከስድስት ሰዓት በፊት ለሌላ ጉዳይ ያስቀረጸው ምስል ነው። የስድስት ሰዓት ሥራ ጠፋ። ድርጅቱ ነገሩን ሳይሸሽግ፣ የማዳኑን ሥራ ጭምር በቀጥታ ለሕዝብ እያሳየ ማስረዳቱ ግን ሊመሰገን ይገባዋል፤ ብዙዎች ከዚህ የተማሩት ከስንት መማሪያ መጽሐፍ ይበልጣል።

በመስከረም 26 ቀን 2025 በደቡብ ኮሪያ በዴጆን ከተማ፣ የመንግሥት ኮምፒዩተሮች በሚገኙበት ማዕከል የሊቲየም ባትሪዎች ሲዛወሩ እሳት ተነሣ። 96 ሥርዓቶች በቀጥታ ተቃጠሉ። ከእነዚህ አንዱ የመንግሥት ሠራተኞች ሰነዳቸውን የሚያኖሩበት ጂ ድራይቭ የተባለው ማከማቻ ነበር፤ 858 ቴራባይት ይዞ ነበር። ሠራተኞቹ ሥራቸውን በግል ኮምፒዩተር ሳይሆን በዚያ እንዲያኖሩ ታዝዘው ነበር፤ በተለይ የሲቪል ሠራተኞች አስተዳደር ሚኒስቴር ሁሉንም በዚያ ያኖር ነበር። ሌሎቹ ሥርዓቶች በውጭ ቅጂ ሲኖራቸው፣ ይህ ግን መጠኑ እጅግ ትልቅ፣ መሣሪያውም ዝግተኛ ነው ተብሎ በሌላ ስፍራ ግልባጭ አልተደረገለትም። በሌላ የሰነድ ሥርዓት የጸደቁት ደብዳቤዎች ተገኙ፤ የተቀረውን ሠራተኞቹ ከኢሜይላቸውና በእጃቸው ከቀረው ወረቀት እየለቀሙ ለመሰብሰብ ተገደዱ።